የሦስት ሚሊሜትር እስትንፋስ

መሐንዲሱ በጀርባው ተንጋሎ፣ ትንሿን መዶሻ እንደጨበጠ ነው የሞተው። አግዳሚውን ብረት ከላዩ አንስተውለታል፤ መዶሻዋን ከእጁ ለማላቀቅ ግን የደፈረ አልነበረም። በግራና በቀኙ ሁለት የብረት ቋሚዎች እንደ በር መቃን ተገትረዋል፤ ጉበኑ ከጎናቸው መሬት ላይ ተጋድሟል።

መርማሪዋ ከሬሳው ይልቅ መዶሻዋን ነበር ቀድማ ያየችው። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች ነው የሚሉም አሉ። አብረዋት የሠሩት ግን ሌላ ምክንያት ያውቃሉ፤ አንዴ ከገባች በወዲያኛው በኩል ሳትወጣ አትመለስም።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ሃምሳ አለቃ። ሃምሳ አለቃው ሪፖርት መጻፍ አይጠላም፤ ሪፖርት መጨረስ ግን ከሁሉ አብልጦ ይወዳል።

«ለማን ነው ያለቀው?»

«ለሟች።» ሳቀ፤ እሷ ስላልሳቀች ሳቁን ሰበሰበና ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኸውልሽ፤ እዚህ ቤት ብረትና ብረት የሚያያዘው በብየዳ አይደለም፣ በብሎንም አይደለም። ኮምፒውተር የሚያዘው ማሽን የአግዳሚውን ጫፍ እንደ ምላስ፣ ቋሚውን ደግሞ እንደ አፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። ምላሱ ላይ ሁለት ጆሮ አለው...»

«ምላስ ላይ ጆሮ?»

«እኔ አይደለሁ የሰየምኩት! ምላሱ ከላይ ወደ አፉ ይወርዳል፣ ጆሮዎቹ ከኋላ ቀጥ አድርገው ይይዛሉ፣ በቃ። በያጅ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን በአራት ደቂቃ ይጨርሱታል። በምላሱና በአፉ መካከል የምትቀረዋን ክፍተት ደግሞ እስትንፋስ ይሏታል። ዛሬ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ክሬኑ አግዳሚውን አወረደ፤ ሟች እንደ ልማዱ ከሥሩ ገብቶ ድምፁን ለመስማት በመዶሻ መታ መታ አደረገው፤ ብረቱ ሾልኮ ወረደበት።»

«ለምን ሾለከ?»

«አፉ ሰፍቷላ! እስትንፋሱ በዝቷል፤ ጆሮዎቹ የሚይዙት አጡ። ለማሽኑ ቁጥር የምትሰጠው አንዲት ልጅ ናት። ኮምፒውተሯን ከፍቼ አየሁት፤ ቁጥሩ ስሕተት ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሳይመሽ ቃሏን ተቀብዬ አስገባታለሁ።»

«የት ናት?»

በአገጩ አመለከታት። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ልጅ ብረት ክምር ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል ቀብራ፣ ወለሉን ታያለች። አታለቅስም።

«የሟች ታናሽ እህት ናት» አለ ሃምሳ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።»

ጠዋት ወንድሟን ያጣች ልጅ ማታ የወንድሟ ገዳይ ተብላ ልትታሰር ነው። ምናልባት ጥፋተኛ ናት። ምናልባት ግን ገና አልተረጋገጠም፤ መርፌም ካልተረጋገጠ ነገር ጋር ምሳ መብላት የማትወድ ሴት ናት።

ቋሚዎቹ ከቆሙበት ከትናንት ቀትር ጀምሮ ወደ እነሱ የቀረቡት ሟቹን ጨምሮ አራት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። የቀሩት ሠራተኞች ሌላ ቦታ ጣራ ሲሰቅሉ ነበር የሰነበቱት። በሕይወት ያሉት ሦስቱ እህቲቱ፣ በያጁና ለኪው ናቸው። አምስተኛ ይቆጠር ከተባለ የብረታ ብረት ሥራው ባለቤት አለ፤ እሱ ደግሞ ሁለት ቀን ከከተማ ወጥቶ ሰንብቶ ገና መምጣቱ ነው።

አስቀድሞ ወደ እሷ የመጣውም እሱ ነው። ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። ላብ ባቀረዘዘ ፊቱ ላይ ፈገግታ ለመለጠፍ እየታገለ ነበር።

«የኔ እመቤት፣ ይህን ብረት ቶሎ አስቆራርጠን እናንሳው እንጂ! እንግዶች አሉብኝ። ትልልቅ ገዢዎች ናቸው፣ ማያያዣውን ሊያዩ የመጡ። እናንተ ሬሳውን አንሱ፣ እኛ ብረቱን እናንሳ።»

«ብረቱም ቃሉን ይሰጣል» አለችው። «ለመሆኑ እስትንፋሱ ስንት ነበር?»

ጋሼ ግራ ተጋብቶ አያት። «ኧረ እኔ ስደርስማ እስትንፋስ የሚባል አልነበረውም! ነፍሱ ከወጣች ቆይታለች።»

ሃምሳ አለቃው ሳቁን በሳል ሸፈነው። መርፌ ግን በልቧ ከያዘችው ዝርዝር ላይ አንድ ስም በስሱ ሰረዘች። ሰውየው የሚሸጠውን ዕቃ ቋንቋ እንኳን አያውቅም።

«ብረቱን የነካ ይታሰራል» ብላው አለፈች።

በያጁ «ብልጭ» ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት እሳት ያየ ዓይኑ ሁልጊዜ ከፀሐይ ፊት የቆመ ይመስል ጨፈን እንዳለ ነው። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«የምትጠረጥሩት እኔን ነው። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ብሆን እኔን ነበር የምጠረጥረው።»

«ለምን?»

«እሱ በአራት ደቂቃ ካያያዘው እኔ ምን ቀረልኝ? ሲሳካለት እኔ ሻንጣዬን ነው የማነሳው። ክሬኑን ያወረድኩትም እኔ ነኝ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ጻፊው!»

«ትጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «በየቀኑ ደግሞ ምሳ የምንበላው አብረን ነበር። ከዛሬ ወዲያ ከማን ጋር እንደምጣላ አላውቅም።»

መርፌ የተናገረውን ጻፈች። «እርስዎ ኮምፒውተሩን ይነካሉ?»

«አንተ በይኝ እባክሽ፤ እርስዎ ስትይኝ የተፈረደብኝ መሰለኝ።» አመልካች ጣቱን አሳያት፤ እንደ በር መቀርቀሪያ ወፍራም ነው። «በዚህ ጣት አንድ ፊደል ልንካ ስል ሦስቱ ይሰምጣሉ። መሐንዲሱ ራሱ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ድርሽ እንዳትል ብሎኛል።»

«እስትንፋሱ ስንት መሆን አለበት?»

«ጥፍሬ ከገባ ጥሩ ነው፣ ጣቴ ከገባ መጥፎ ነው። የእኔ ሚሊሜትር ይኸው ነው።» ከዚያ ግራና ቀኙን አይቶ ተጠጋት። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ብረት በምሞርድበት ግራይንደሬ ላይ አዲስ ዲስክ አስሬ ነበር። ከሰዓት ሙሉ ውጭ ብረት ሳራግፍ ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ዲስኩ ግማሹ የለም።»

«እስካሁን ለምን አልተናገርክም?»

«የማን ግራይንደር ነው ሲሉኝ ምን ልመልስ?»

«ሲጮህ የሰማ ይኖራል?»

«እዚህ ግቢ ግራይንደር ዝም ሲል ነው ሰው ዞር ብሎ የሚያየው።»

መርፌ ወደ ቆራጩ ማሽን ክፍል ስትገባ እህቲቱ ከኮምፒውተሩ ፊት ቆማ ነበር። ስክሪኑ ላይ የመገጣጠሚያው ሥዕል፣ ከጎኑም ሟቹ በገዛ ቋንቋው የሰየማቸው ሣጥኖች ተደርድረዋል። «እስትንፋስ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ አንድ ግዙፍ ሦስት ቁጥር ተቀምጧል።

«ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ደርቋል። «እኔ ግማሽ ነው የምጽፈው። ግማሽ ሚሊሜትር። ሁልጊዜ ግማሽ ነው።» ስትናገር መዳፎቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ በመካከላቸው የማይታይ ነገር የያዘች ትመስል ነበር። «ወንድም ጋሼ መጀመሪያ ያስተማረኝ እሷን ነው። ብረት ካልተነፈሰ ይታነቃል፣ ከመጠን በላይ ከተነፈሰ ደግሞ ይለቃል ይለኝ ነበር።»

«ይህን ኮምፒውተር ማን ይከፍተዋል?»

«የፈለገ ሰው። የይለፍ ቃሉ ያው እዚያ ተለጥፏል።» እውነትም ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ፣ ዓለም እንዲያየው ሆኖ ተለጥፏል።

«ቁጥሩ መቼ እንደተቀየረ ማወቅ አይቻልም?»

«ቀኑን የሚይዝለት ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል። በተከፈተ ቁጥር ያው አንድ ቀን ነው የሚያሳየው። ወንድም ጋሼ 'ከሁላችን የማያረጀው እሱ ብቻ ነው' ይል...» አልጨረሰችውም። ከጠዋት ጀምሮ የታገደው እንባ ያን ጊዜ ወረደ።

መርፌ መሐረቧን ሰጠቻት። ልጅቷ እስክትረጋጋ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ጥላ ቆየች።

«ፊደሉ ለምን እንዲህ ገዘፈ?»

«ለአባባ ነው፣ ለለኪያችን። እየመጡ የብረቱን ርዝመት ከዚህ ያነባሉ። 'ትንሽ ጨምሪልኝ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ' እያሉኝ እዚህ ደረሰ።»

«ወንድምሽስ ሰሞኑን ደህና ነበር?»

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «ቅዳሜ ዕለት ወደ አዳራሹ ሄዶ ነበር። ባለፈው ዓመት በዚሁ ማያያዣ የሠራነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ዋለ። ሲመጣ ምግብ እንኳን አልቀመሰም። 'ከእኛ አንዱ ማየት አቁሟል' አለኝ። ማን ነው ብለው፣ 'አስቀድሜ ለራሱ ልንገረው፣ ከጀርባው አላወራም' አለኝ። ልቡን ሥራው ላይ ያላደረገ ሰው አለ ማለቱ መስሎኝ ነበር።»

መርፌ ቃሉን እንዳለ ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው። እየወጣች ሳለ በሩ አጠገብ የተደረደሩትን አሮጌና አዲስ ብረቶች ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ማሽኑ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ክብ ይቀርጻል፤ ለኪው ለክቶ ሲያሳልፍ በዚያ ክብ ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ያደርጋል። በአሮጌዎቹ ላይ ነጥቡ ከክቡ መሐል ቁጭ ብሏል። በአዲሶቹ ላይ ክቡን ስቶ ከጎኑ ነው ያረፈው፤ ከአንዱማ ሁለት ጣት ያህል ርቋል።

ለኪውን «ዓይናማው» ይሏቸዋል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው። ሃምሳ አለቃው ሳይቀር ሲያያቸው ቆቡን አወለቀ። ካሊፐራቸውን፣ ያንን ባለ መንጋጋ መለኪያ፣ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ በመርፌ ፊት የቋሚውን አፍ ለኩ። ከዚያ ካሊፐሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው፣ እጃቸውን እስከ ጫፉ ዘርግተው አነበቡ።

«አፉ ሠላሳ ሦስት። ምላሱ ሠላሳ ነው። እስትንፋሱ ሦስት።»

«ትክክለኛው ስንት ነበር?»

«አንድ። ይህን ግን አልለካሁትም፤ ነጥብም የለበትም፣ እይው። ሟች ለእንግዶቹ ስለቸኮለ ሳይሰጠኝ አቆመው። አስቀድሜ ባየው ኖሮ...» አንገታቸውን ደፉ። «ልጅቷ ደግ ልጅ ናት። ተሳስታ ነው። ሰው ይሳሳታል።»

ሃምሳ አለቃው ጣልቃ ገባ። «ቆይ፣ ቆይ! እሷ ትክክለኛው ግማሽ ነው አለች፣ እርስዎ አንድ ነው ይላሉ። ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ!»

«እኔ ቁጥር አልዋሽም፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ ብለው።

«አምናለሁ፣ አባባ» አለች መርፌ። ከያዘችው ፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት መዘዘች። «ቃልዎን ጽፈነዋል። አንብበው ይፈርሙልኝ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀበሉ። ዓይናቸውን ከላይ እስከ ታች አመላለሱት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ልክ ነው» ብለው ፈረሙ። መርፌ አመስግና ወረቀቱን ወደ ፋይሉ መለሰች።

እሳቸው ሲሄዱ ወደ ቋሚው ተጠጋች። መሐረቧ እህቲቱ ዘንድ ስለቀረ የሃምሳ አለቃውን ለመነችውና የአፉን ጠርዝ አሸችው። መሐረቡ ጠቆረ።

«አዲስ መሐረብ ነበር» አለ ሃምሳ አለቃው።

መርፌ አልሰማችውም። ግማሽና አንድ፣ አንድና ግማሽ እያለች ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረች። በሦስተኛው ዙር ቆመች። አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ፣ አባቷ በሌሉበት መቀሳቸውን አንስታ ለራሷ ጉርድ ቀሚስ ልትቆርጥ የሞከረች ዕለት ትዝ አላት። ጨርቁ ታጥፎ ነው የሚቆረጠው። የወገቧን ልክ ሙሉውን በታጠፈው ጨርቅ ላይ አሰፈረችው፤ ሲዘረጋ እንደ እሷ ያሉ ሁለት ልጃገረዶችን የሚያስገባ ቀሚስ ሆነ። አባቷ ሳቃቸው ካለቀ በኋላ የነገሯትን አሁንም አልረሳችም፤ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ስሕተትሽ የስንት ወገን ቁጥር እንደሆነ አለመጠየቅሽ ነው።

«ሁሉንም ጥራልኝ» አለችው ሃምሳ አለቃውን። «ማሽኑን ያስነሱት።»

አስር ሰዓት ሲሆን አራቱም በቆራጩ ማሽን ዙሪያ ቆመዋል። ጋሼ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ብልጭ እጆቹን አጣምሯል፤ ዓይናማው ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። እህቲቱ ከሃምሳ አለቃው አጠገብ ናት፤ እሱ ደግሞ ካቴናውን ከወገቡ ፈትቶ በእጁ ይዞታል።

«ፋይሉን እንዳለ ቁረጪው» አለቻት መርፌ። «ሦስት እንዳለ። ምንም ሳትነኪ።»

ማሽኑ ጮኸ። ሰማያዊ ነበልባል ብረቱ ላይ ሮጦ፣ ዞሮ፣ ቆመ። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላም። እህቲቱ የተቆረጠውን ብረት በጉጠት አንስታ ውሃ ውስጥ ነከረችውና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አባባ፣ ይለኩልን» አለች መርፌ። «ምላሱ ያው ሠላሳ ነው። እስትንፋሱ ስንት ሆነ?»

ሽማግሌው ካሊፐራቸውን አወጡ። አፉ ውስጥ ከፈቱት፤ ወደ መስኮቱ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። ደግመው ለኩ።

«ስንት?»

መዋሸት ይችሉ ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት ቁጥር ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ከልባቸው ቀደመ።

«ሠላሳ ስድስት። እስትንፋሱ... ስድስት።»

«ስድስት?» አለ ሃምሳ አለቃው። «የወደቀው ግን ሦስት ነው!»

«የወደቀው በዚህ ፋይል አልተቆረጠም፤ ለዚህ ነው» አለች መርፌ። «ልጅቷና ወንድሟ እስትንፋስ ሲሉ የአንዱን ጎን ነው የሚሉት። ግማሽ ብለው ይጽፋሉ፤ ማሽኑ ግማሽ በግራ፣ ግማሽ በቀኝ ይተዋል፤ ድምሩ አንድ ይሆናል። ካሊፐር የያዘ ሰው ደግሞ ግራና ቀኝ አይለይም፤ አፉን ለክቶ ምላሱን ይቀንሳል፣ አንድ ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ቃል፣ ሁለት ዓይነት ቁጥር ሲጠሩ ኖረዋል። ልዩነቱን የጠየቀ አልነበረም።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ቀስ ብሎ ወደ ወገቡ መለሰ።

«ታዲያ አፉ እንዴት ሰፋ?» አለ ጋሼ።

መርፌ የጠቆረውን መሐረብ ዘረጋችው። «ማሽን የቆረጠው ጠርዝ ሲታሽ አያጠቁርም። ይህን ጥቀርሻና ቅባት ቀብተውታል። ከሥሩ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። ግራይንደር ነው ያሰፋው፤ የብልጭ ግራይንደር።»

«ብዬሻለሁ! እኔን ነው የሚሉት ብዬሻለሁ!» ብልጭ እጆቹን ፈታ።

«ተረጋጋ። ያሰፋው ሰው ሲጨርስ የሰፋውን ለካ፤ ሦስት ሆነ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጋ ሄዶ፣ ማሽኑ ያጠፋው እንዲመስል፣ ሣጥኑ ውስጥ የነበረውን ሳያነብ አጥፍቶ ሦስት ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ብትሆን አንድ ተኩል ትጽፍ ነበር። አንተ ብትሆን ጥፍር ትጽፍ ነበር።» ብልጭ ሳያስበው ፈገግ አለ። «ጋሼ ደግሞ ቃሉን ሰምቶትም አያውቅም። ሦስት የሚጽፈው እስትንፋስን በሙሉው የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ዞር አሉ። ዓይናማው አልተንቀሳቀሱም።

«ሌላም አለ» አለች መርፌ፤ ድምፅዋ አሁን ለስልሷል። «በወደቀው አፍ አጠገብ፣ ከተቀረጸው ክብ ጎን፣ አረንጓዴ ቀለም ተፍቋል። ጥግ ላይ ትንሽ ቀርቷል። አባባ፣ ለክተው አሳልፈውት ነበር። በሰው ላይ ማላከክ የፈለገ ሌላ ሰው ቢሆን ነጥብዎን ይተወው ነበር፤ ነጥቡ የሚያሳጣው እርስዎን ነዋ። እሱን መፋቅ የሚጠቅመው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«በዓይንሽ አይተሻል?» አሉ ሽማግሌው በቀስታ።

«እኔ አይቻለሁ። እርስዎ ነዎት ያላዩት።» ከፋይሏ ወረቀቱን አወጣች። «ቀን 'ልክ ነው' ብለው የፈረሙበት ወረቀት የእርስዎ ቃል አይደለም። የብልጭ ነው። 'ክሬኑን ያወረድኩት እኔ ነኝ' ይላል።»

ብልጭ ወረቀቱን ነጥቆ አየው። ፊርማው ከመስመሩ በታች ባዶ ቦታ ላይ አርፏል።

«ሚሊሜትሩን በብርሃን ያዩታል» አለች መርፌ። «ከሚሊሜትር በታች ያለውን ግን ካጡት ቆይተዋል። መሐንዲሱ ቅዳሜ አዳራሹ ላይ ይህን ደረሰበት። ከጀርባዎ አላወራም፤ መጥቶ ነገረዎት።»

ሽማግሌው በቀረበላቸው ወንበር ላይ አሁን ተቀመጡ። ሲናገሩ ለማንም ሳይሆን ለካሊፐሩ ይመስል ነበር።

«ሰኞ ዕለት ነገረኝ። በአክብሮት ነው የነገረኝ። 'ለጋሼ አብረን እንንገረው፣ አዳራሹን አብረን እንለካው' አለኝ። ዓይናማው ሲሉኝ ሠላሳ ዓመት... ማን ልባል ነው ከዚያ በኋላ?» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «እንዲሞት አልፈለግኩም። በእንግዶቹ ፊት ብረቱ ይውደቅ፣ ማሽኑ ይታማ አልኩ። ማሽኑ ከታማ የአዳራሹም ጥፋት የማሽኑ ይሆናል አልኩ።»

«እሱ ከሥሩ ገብቶ እንደሚመታ ያውቁ ነበር።»

ሽማግሌው ካሊፐሩን ከፍተው ዘጉት።

«ስንት ጊዜ ሲመታ አይተውታል?»

«በየቀኑ» አሉ ዓይናማው። «በየቀኑ።» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

እህቲቱ ተጠጋቻቸው። የምትመታቸው የመሰለው ሃምሳ አለቃ እጁን ዘረጋ፤ መርፌ በዓይኗ ከለከለችው።

«እኔንስ፣ አባባ?» አለች ልጅቷ። «ፊደሉን ያገዘፍኩልዎት እኔ አይደለሁም? በዚያው ባገዘፍኩልዎት ፊደል?»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። ካሊፐሩን ግን ወደ እሷ ዘረጉ፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ሰባተኛው» አሉ። «አዳራሹ ውስጥ፣ ከመድረኩ በላይ ያለው ሰባተኛ መገጣጠሚያ። እሱን ጨርሶ አላየሁትም። ነጥብ ብቻ አድርጌ ወረድኩ።»

መርፌ ሃምሳ አለቃውን ዞር ብላ ስታየው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳራሹን ባዶ እንዲያደርጉት እያዘዘ ነበር፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሪፖርቱ በፊት ሌላ ነገር አስቀደመ።

እህቲቱ ካሊፐሩን ተቀበለች። ብልጭ ቀድሞ ወጥቶ የብየዳ ማሽኑን መኪናው ላይ ይጭን ነበር።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለው ጋሼ ከበሩ ሆኖ።

«ሰባተኛውን እስኪለኩት ድረስ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል» አለ ብልጭ። «እኔ ደግሞ ሥራዬ መያዝ ነው።»

ያን ዕለት ማምሻውን፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ እህቲቱ በአዳራሹ መሰላል ላይ ወጣች። ከመድረኩ በላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ከክቡ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። ካሊፐሩን አስገባች፤ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ። ብልጭ ከታች የብየዳ መከለያውን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃታል።

«ስንት ነው?» አላት።

ካሊፐሩን ወደ ዓይኗ አቅርባ ደግማ አየችው።

«አንድ ከሩብ» አለች፤ ከዚያ ወንድሟ እዚያው የቆመ ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጨመረች። «በአንድ ጎን!»

ብልጭ መከለያውን ግንባሩ ላይ አጠበቀና ሊበይደው መውጣት ጀመረ።